እናታችሁ የተወለዱት መቼ ነው?

ዛሬ «ሃፒ በርዝደይ» ማለት የማይችል የከተማ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የራሱን ቀርቶ የጓደኛውን፣ የጓደኛውን ፍቅረኛ፣ የኳስ ተጫዋቹንና የዘፋኙን የልደት ቀን በቃሉ ይዞ ይዞራል። ታዲያ እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቃችሁ። እናታችሁ የተወለዱት መቼ ነው? ዓመቱን ብቻ አይደለም፤ ወሩንና ቀኑን ጭምር... ዝም አላችሁ አይደል? አይዟችሁ፣ እሳቸውም አያውቁትም!

ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገብ ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ወረቀቱ የእናቱ ትዝታ ነበር። እናት ካለፈች ወረቀቱም አብሮ አለፈ ማለት ነው።

እናቶቻችን ልጅ ሳሉ የሚያውቋቸው ልደቶች ጥቂት ነበሩ። የጌታ ልደት ገና፣ የነቢዩ ልደት መውሊድ፣ የእመቤታችን ልደት ግንቦት ልደታ። በንጉሡ ዘመን የደረሱት ደግሞ ሐምሌ 16ን፣ የጃንሆይን ልደት ያስታውሳሉ። ለራስ ልደት ኬክ መቁረስ የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ከነዚህ ሁሉ ለዛሬው ወጋችን የምትቀርበው ግንቦት ልደታ ናት። ጎረቤት ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ተመራርቆ ይለያያል። ይህችን ያዙልን፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ስድሳ ሻማ

የአንድ ቤተሰብ ወግ እናጫውታችሁ። ስማቸው ይቆየን። አራት ልጆች ናቸው፤ አራቱም ኑሯቸውን አዲስ አበባ ያደረጉ። እናታቸው የዋጃ ሰው ናቸው። ዋጃ ማለት ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ቆቦን አልፋችሁ አላማጣ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። አገሩ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላ የሚያበቅል፣ ፀሐዩ የማይቻል፣ ሰዉ ግን እንግዳ ሲያይ ፊቱ የሚፈታ ነው።

በ2013 በተጀመረው ጦርነት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ የወላጁን ድምፅ ሳይሰማ ወራት የቆየ የራያ ልጅ ብዙ ነው። እነዚህም ልጆች እናታቸው ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ከርመዋል። መንገድ ሲከፈት እናትየውን አዲስ አበባ አመጧቸው። «ከዚህ በኋላ ልደቷን ሳናከብርላት አንድ ዓመት አያልፍም!» ተባባሉ። ሐሳቡ ወርቅ ነው። ማን ይጠላዋል?

የቀበሌ መታወቂያው ጥር 1 ቀን 1955 ይላል። ወቅቱ ጥር 2015 ነበር። ድፍን ስድሳ ዓመት! ጭፈራ ካላቸው ትልልቅ የባህል ምግብ ቤቶች በአንዱ ቦታ ተያዘ። ቀኑም ለሁሉም ሥራ እንዲመች ዓርብ ማታ ሆነ።

ትንሿ እህት ያጫወተችን እንዲህ ነው። እናትየው ቤቱ ሲገቡ መጀመሪያ ያገኙት በርጩማ ነበር። አጭር፣ መደገፊያ የሌለው፣ ለፎቶ የሚያምር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት እንደምንም ተቀመጡ። ከበሮው ጆሯቸው ሥር ነው። ልጆቹ እየጮሁ ያወራሉ፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱንም ግን አልሰሙም። ከዚያ ክትፎው፣ ጥብሱና ዶሮው ተደርድሮ መጣ። «እናንተ ብሉ፤ እኔ ቡና ቢጤ እጠጣለሁ» አሉ። ዓርብ መሆኑን ያስታወሰ ልጅ አልነበረም!

ቆየት ብሎ መብራት ጠፋና ኬክ መጣ። ስድሳ ሻማ ይንቦገቦግበታል። «እማ፣ ንፊው! እፍ በይው!» እናትየው ልጆቹን ተራ በተራ አይተው፣ «ካበራችሁት በኋላ ለምን ታጠፉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እሳቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

በመጨረሻ ሒሳብ። ትልቁና ተከታዩ «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «የለም እኔ ነኝ!» እየተባባሉ ኪስ ለኪስ ተያያዙ። እናትየው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ነገሯቸው። «ይሄማ የበግ ዋጋ ነው! ለዚያውም ጎረቤት ያልቀመሰው» አሉና ዝም አሉ።

ዋናው ነገር ግን የመጣው ሌሊት ነው። እናትና ትንሿ ልጅ አንድ ክፍል ተኝተው ሳለ፣ በጨለማው፣ «ለመሆኑ ቀኑን ማን ነገራችሁ?» አሉ እናት። «መታወቂያሽ ነዋ!» «እሱን እኮ ጸሐፊው በግምት ነው የጻፈው። ጥር ላይ ሄድኩ፣ ጥር አለ። እኔ ጥር አልተወለድኩም።» «ታዲያ መቼ ነው የተወለድሽው?» እናትየው ትንሽ ቆይተው፣ «ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉ።

ልጅቷ እስኪነጋ አልተኛችም።

ቀኑ የት ተደበቀ?

«አታውቀውም» ማለትና «ቀን ቆጥራ አልያዘችውም» ማለት ይለያያል። እናቶች ቁጥሩን ባይዙት ወሬውን ይዘውታል። የናንተ ሥራ ወሬውን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው።

በመጀመሪያ ዓመቱን ፈልጉ። «በስንት ተወለድሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልስ የለውም። «እንትን ሲሆን ስንት ዓመትሽ ነበር? ትሄጂ ነበር? ከብት ትጠብቂ ነበር? አግብተሽ ነበር?» በሉ። ለራያና ለወሎ ሰው የማይረሱ ዓመቶች አሉ። በጣም ለሸመገሉት ማይጨው ላይ ጦርነት የተደረገበት 1928፣ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ የራያ ሰው የተሳተፈበት የመጀመሪያው ወያኔ 1935። ለተከታዮቹ ወሎን የመታው የ1965 እና 66 ድርቅ፣ መሬት ላራሹ የታወጀበት የካቲት 25 ቀን 1967፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት 1971። ከነሱ ለሚያንሱት ደግሞ የዓለም ካሜራ ኮረም ላይ የወጣበት የ1977 ረሃብ፣ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 1983።

የዋጃዋ እናት ጉዳይም የተፈታው በዚህ መንገድ ነው። ልጅቷ ዋጃ ላሉት ታላቅ አክስቷ ስልክ ደወለች። አክስት አላመነቱም። «በ66ቱ ድርቅ የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። ለሚጥ ስትወረውር ጣሪያው ላይ አንድ እህል እንኳ የለም፣ ብለን አልቅሰናል።» የልጅ ጥርስ መውለቅ የሚጀምረው በስድስትና በሰባት ዓመት ግድም ነው። ከ66 ላይ ቀንሱ። 1959 አካባቢ ሆነ!

ቀጥሎ ወሩንና ቀኑን። ክርስቲያን ከሆኑ ክርስትና የተነሡበትን ቀን ጠይቁ። የልደት ቀን ይረሳል፤ ክርስትና ግን ድግስ ስላለው አይረሳም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አክስት «ክርስትናዋ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው» ብለዋል። ኅዳር 12 መሆኑ ነው። ከዚያ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ፣ ጳጉሜንም ሳትዘሉ፣ ነሐሴ 28 ወይም 29 ላይ ታርፋላችሁ። ልጅቷ ይህንን ለአክስቷ ስትነግራቸው፣ «አዎና! የሶለል ልጃገረዶች ጨፍረው ሳይጨርሱ ነው ምጥ የያዛት!» አሉ። ሶለል የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች የሚጫወቱት በዓል ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ሒሳቡም ትዝታውም ገጠመ።

እንግዲህ አስቡት። በስድሳ ሻማ ፊት የተቀመጡት ሴት ያን ዕለት ገና 55 ዓመታቸው ግድም ነበር። ሴት ልጅ ላይ አምስት ዓመት ጨምሮ ማስጨብጨብ!

ሙስሊም ከሆኑ «ረመዳን ነበር? ዓረፋ ነበር? መውሊድ ነበር?» በሉ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የሂጅራ ዓመት ከኛ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያንስ በዓሉ በየዓመቱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓመቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ያ በዓል በዚያ ዓመት በየትኛው ወር እንደዋለ መቁጠሪያ ላይ ፈልጉ። ማሽላው እሸት ነበር ወይስ ታጭዶ ነበር? ዝናብ ነበር? እያላችሁም አመሳክሩ።

ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ደግሞ አስጠንቅቋቸው። ቀኑ ያልታወቀ ሰው በስደት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። አሜሪካ ያለው ልጅ ወረቀቱን አይቶ በፈረንጆች አዲስ ዓመት «እንኳን ተወለድሽ» እያለ ይደውላል፤ እናት ደግሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለው ይመልሳሉ። በኛ መቁጠሪያ የተገኘውን ቀን ለሁሉም ላኩ፤ በሱ ተስማሙ።

ቀኑ ጨርሶ ካልተገኘስ? እሳቸው ራሳቸው ይምረጡ። የሚወዱት ታቦት ቀን ይሁን፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱበት ቀን ይሁን፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የተመረጠ ቀን በግምት ከተጻፈ ቀን ይበልጣል።

ቻይኖቹ ምን ያደርጋሉ?

«ልደት የፈረንጅ ነው፤ ለኛ ሽማግሌዎች አይሆንም» የሚሉ አሉ። ፈረንጅን እንተወውና ወደ ምሥራቅ እንሂድ። በቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ጫፍ ቲዮቹ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ብዙዎቹ ወደ ታይላንድና ወደ ሲንጋፖር ተሰደው የምግብ ቤታቸውን ባህል ይዘው ሄደዋል። ቻይኖች ዘንድ ልደቱ በደንብ የሚከበርለት ጎረምሳው አይደለም፤ ሽማግሌው ነው። በተለይ ስድሳ መድፈን ትልቅ ክብር ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ክብ ጠረጴዛ ይከባል፤ አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው በክብር ወንበር ይቀመጣሉ። በእንፋሎት የበሰለ ዓሣና በቅመም የተቀቀለ ዝይ ይቀርባል። ለልደት ደግሞ ረጅም ኑድልስ አይቀርም፤ ዕድሜ እንዲረዝም ነው፣ ስለዚህ ሳይቆርጡ ይበሉታል። በመጨረሻ በትንንሽ ስኒ ወፍራም ሻይ ይቀዳል።

ክብ ማዕድ፣ ለትልቅ ሰው የክብር ቦታ፣ በትንንሽ ስኒ የሚጠጣ፣ ምርቃት... ይሄ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ከመሶባችንና ከረከቦታችን በምን ተለየ? ቻይኖቹ ልደትን ከራሳቸው ማዕድ ጋር አስማሙት። እኛም ግንቦት ልደታን የምናከብር ሰዎች ሆነን አይከብደንም።

ራቱን እንዴት እናሰናዳው?

አንደኛ፣ ቀን ስትመርጡ የጾሙን መቁጠሪያ እዩ። እናታችሁ የሚጾሙ ከሆኑ ረቡዕና ዓርብን እርሱት፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ግን ነፃ ናቸው። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ልደታቸው ጾም ላይ ከዋለ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ጾሙ እስኪፈታ መቆየት፣ ወይ የጾም በያይነቱ አሳምሮ ማዘዝ። የጾም ኬክም በየዳቦ ቤቱ ይሠራል። በረመዳን ከሆነ ደግሞ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ተምር ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ቤቱን አስቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩት። መደገፊያ ያለው ወንበር አለ? ከመድረክና ከድምፅ ማጉያ የራቀ ቦታ ይሰጣሉ? መጸዳጃው ደረጃ የሚያስወርድ ነው? ድፎ ዳቦ ይዛችሁ መግባት ይፈቀዳል? ዋጋው ላይ 15 በመቶ ቫት ገብቷል ወይስ ኋላ ይጨመራል? ሰርቪስስ? ይሄን አለመጠየቅ አራዳነት አይደለም። ጭፈራ ማየት የሚወዱ እናት ካሉ ደግሞ ይውሰዷቸው፤ ግን «እማ፣ ትወጃለሽ?» ተብለው ይጠየቁ።

ሦስተኛ፣ ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ያልተቀላቀለበት ዘመድ የለም ማለት ይቻላል። ሰርግ ላይ ለሁለቱም ለየብቻ እንደሚታረደው ሁሉ ምግብ ቤትም ይታሰብበት። ቀላሉ መንገድ በዋናው መሶብ ሁሉም የሚበላውን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሰላጣ ማድረግ ነው። ሥጋ የፈለገ ለብቻው በሳህን ያዝ። አንድ ትሪ ለአራትና ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ሲያንስ ይጨመራል። ሲተርፍ ግን እናት ናቸው የሚቆጩት።

አራተኛ፣ ማዕዱ ላይ መጀመሪያ የሚታጠቡት እሳቸው ይሁኑ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው ያጉርሱ፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና ሁለተኛውንም አትመልሱ። ሻማውን ተዉት አንልም፤ ለልጅ ልጆች ደስታ አንድ ይብቃ፣ እነሱው እፍ ይበሉት። አያት ግን ድፎውን ይቁረሱ፣ ይመርቁ። ምርቃት ሲጀመር ስልክ ይቀመጥ! «ፎቶ ላነሳ ነው» ብሎ አሜን የማይል ልጅ አይተናል።

አምስተኛ፣ ሒሳብ። ከሳምንት በፊት ተዋጡ። ሥራ የሌለው ወንድም ካለ ድርሻው ዳቦውን መግዛት ወይም እናትን ማምጣት ይሁን፤ በገንዘብ አይመዘን። አንዱ ልጅ እጅ መታጠቢያ የሄደ መስሎ ከፍሎ ይምጣ። ደረሰኝ ማዕድ ላይ አይታይ። ኪስ ለኪስ መያያዝ ለተመልካች ፍቅር ይመስላል፤ ለእናት ግን ማን አግኝቶ ማን እንዳጣ የሚያሳይ መስተዋት ነው።

ስድስተኛ፣ ጎረቤት። «ለዚያውም ጎረቤት ያልቀመሰው» ያሉትን አትርሱ። እሳቸው ባደጉበት አገር ለብቻ በልቶ መምጣት ከመሰወር ይቆጠራል። ዋጃ፣ ቆቦ ወይም ወልድያ ያላችሁ ልጆች የተብለጨለጨ ምግብ ቤት የለም ብላችሁ አትሳቀቁ። በዚያው ገንዘብ አንድ ፍየል ታርዶ፣ ማሽላው እንጀራ ተጋግሮ፣ ደጅ ላይ ቡና ቢፈላ ልደቱ ከነጎረቤቱ ይከበራል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የእናታችሁን አገር ሰው ፈልጋችሁ ጥሩ።

የዋጃዋ እናት ሁለተኛ ልደት በዚህ መልክ ነው የተከበረው። ነሐሴ መጨረሻ፣ እሁድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ መድረክ በሌለው ትንሽ የባህል ምግብ ቤት። ልጆቹ ሁለት የራያ ሴቶችን ጠሩ፤ አንዷ ሙስሊም ናቸው። ሦስቱ ሲገናኙ ልጆቹ ተረሱ። ስለ ሶለል ልብስ፣ ስለ ማሽላ እሸት፣ ስለ 66 ሲጫወቱ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ትንሿ ልጅ ሁሉንም ጻፈች። አያቷ በየትኛው ቤት እንዳማጡ፣ አዋላጇ ማን እንደነበሩ፣ ለምን ያ ስም እንደወጣላቸው። ትልቁ ወንድም በሠላሳ ስምንት ዓመቱ የእናቱን ቤት ስም መጀመሪያ የሰማው ያን ዕለት ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ዛሬ ማታ ስልክ ደውሉ። «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ቻው» አትበሉ። «እማ፣ አንቺ ስትወለጂ ዝናብ ነበር እንዴ?» ብላችሁ ጀምሩ። እሳቸው ካላወቁ አክስት አለች፣ አክስት ካላወቀች የክርስትና እናት ወይም አብሮ አደግ አለ። ወረቀትና እስክርቢቶ ያዙ። መጀመሪያ «ምን አስታወሰህ አንተ?» ይሏችኋል። ቀጥሎ ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ስልኩን እንዳትዘጉት፤ ካርድ ሙሉበት!